በቤት ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተጨማሪ ባትሪ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተነሣ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚገባው ሰው እጅግ ብዙ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለው የከተማ አስተዳደር ውስጥ የተጠቃለሉ ሲሆኑ፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። የቤት ኪራዩ በከተማው መሀል ከሚጠየቀው ቀለል ስለሚል፤ ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ብዙዎች ኑሯችንን በዚያ መሥርተናል። ዳሩ ግን በኪራይ ያተረፍነውን በመንገድ እንከፍለዋለን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ለመገኘት የሚፈልግ ሠራተኛ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ከታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ ማታም ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ያው ሰልፍ ይጠብቀዋል። ልጆቹን ሲወጣ ተኝተው ይተዋቸዋል፤ ሲመለስም ተኝተው ያገኛቸዋል።

ከዚህ የተነሣ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንዳንድ ሠራተኞች የኤሌክትሪክ ብስክሌት መያዝ ጀምረዋል። ይህም ከዘመኑ አካሄድ ጋር የሚስማማ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ፤ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ የሚታወስ ነው። በመዲናይቱም አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። እንግዲህ ነዳጅ ከባሕር ማዶ ለሚገዛ፣ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዙ ለሚያገኝ አገር፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብስክሌት ጥሩ አጋዥ ነው።

ሆኖም ባለ ብስክሌቶቹ ሲገናኙ የሚያሰሙት አቤቱታ አንድ ነው፤ «ባትሪው አይዘልቅም» ይላሉ። መድኃኒቱ ምንድን ነው ሲባልም፤ ብዙዎች በቤት ውስጥ ተጨማሪ ባትሪ ሠርቶ ከብስክሌቱ ጋር ማያያዝ ነው ብለው ይመልሳሉ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው። ነገሩ የሚቻል መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ባትሪ ለመሥራት ከመነሣት አስቀድሞ አንድ ሒሳብ መሥራት እንደሚገባ፤ ያን ሒሳብ ሳይሠራ የተነሣ ሰውም ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከራሴ ታሪክ ጭምር ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሒሳቡ እንናገር። በባትሪ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ አንደኛው ቮልት፣ ሁለተኛው አምፔር-ሰዓት ይባላል። ቮልቱን በቧንቧ ውስጥ እንዳለው የውኃ ግፊት፤ አምፔር-ሰዓቱን ደግሞ በጋን ውስጥ እንደ ተጠራቀመው የውኃ ብዛት አድርገን ልናስበው እንችላለን። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ የሚገኘው ዋት-ሰዓት ሲሆን፤ በእውነት ሥራ የሚሠራው ይኸው ነው። 48 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 480 ዋት-ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሟጥጦ እንዳይጎዳ ጥቂት መተው ስለሚገባ፤ ለመንገድ የሚሆነውን 430 ብለን እንያዝ።

ወጪውንስ እንዴት እንገምተው? ነጂው በእግሩ እያገዘ በመጠነኛ ፍጥነት ቢሄድ፤ በሜዳ መንገድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ያህል ይበቃዋል። እግሩን አሳርፎ በሞተሩ ብቻ የሚሮጥ ሰው ግን እጥፉን ሊፈጅ ይችላል። ለሒሳብ እንዲቀል፤ ከቡራዩ እስከ መሥሪያ ቤት 15 ኪሎ ሜትር፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር እንበል። የቡራዩ ሰው ደርሶ መልስ 300 ዋት-ሰዓት ያወጣል፤ ስለዚህ በያዘው ባትሪ ያለ ሐሳብ ይመለሳል። የሰበታ ሰው 500 ያስፈልገዋል፤ ካለው 430 ላይ 70 ይጎድለዋል። የሱሉልታ ሰው ግን በሜዳው ወጪ ላይ የእንጦጦን ዳገት መጨመር አለበት።

ዳገት ምን ያህል ያስከፍላል? ሰውየውና ብስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከከተማው መሀል እስከ ተራራው መሻገሪያ ያለውም ከፍታ 400 ሜትር ይሆናል ብንል፤ ያን ሸክም ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 109 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩም ከሚቀበለው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል በሙቀት ስለሚያባክነው ከባትሪው የሚወጣው 136 ይደርሳል። እንግዲህ ማታ ወደ ሱሉልታ ለመመለስ ብቻ 386 ዋት-ሰዓት ይጠፋል ማለት ነው። የማለዳው ቁልቁለት የመሄጃውን ወጪ በግማሽ እንኳ ቢያቀልልን የቀኑ ጠቅላላ ወጪ 511 ይሆናል፤ ስለዚህ 430ው አይበቃም።

አድማጮቼ ሆይ፤ እስቲ በዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ለሰበታውም ለሱሉልታውም ሰው የጎደለው የደርሶ መልሱ እንጂ የአንዱ ጉዞ አይደለም። የሰበታው ሰው ለአንድ ጉዞ 250፣ የሱሉልታው ሰው ደግሞ ቢበዛ 386 ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ከ430 በታች ናቸው። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ሲውል ብስክሌቱም አብራው ብትሞላ ኖሮ፤ ሁለተኛ ባትሪ ፈጽሞ ባላስፈለገው ነበር። ከተጨማሪ ባትሪዎች ሁሉ ርካሹ የመሥሪያ ቤቱ ሶኬት ነው።

ይህን ሒሳብ እኔ ራሴ ያወቅሁት ከጥፋት በኋላ ነው። የምኖረው በሰበታ ሲሆን፤ ብስክሌቴ ማታ ማታ ከቤቴ ሳልደርስ እየደከመች ብታስቸግረኝ ባትሪ ለመሥራት ቆረጥሁ። አዲስ ዕቃ መግዛት ከደመወዜ ጋር ስላልተስማማልኝ፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የላፕቶፕ ኮምፒዩተር ባትሪዎችን ገዝቼ ፈታኋቸው። በውስጣቸው ያሉትን፣ ባለሙያዎች ሴል የሚሏቸውን፣ እኛ ግን ከእጅ ባትሪና ከሬዲዮ በለመድነው ስም ድንጋይ የምንላቸውን አወጣሁ። አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ነበር፤ የአንዱም ዕድሜ ከሌላው ጋር አይገጥምም። እኔ ግን ሁሉም መብራት ካበሩ አንድ ናቸው አልሁ። በሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ እያጋልሁ በሽቦ አያያዝኋቸው። መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ያስፈልገዋል ቢሉኝ፤ እርሱን በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ ብዬ ተውሁት።

ሦስት ቀን በደኅና ሠራ። እኔም በጎረቤት ፊት ኮራሁ። በአራተኛው ቀን ማታ ሳሎን ውስጥ ቻርጀር ላይ ሰክቼው ጋዜጣ ሳነብ፤ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለችና፤

«አንተ፣ ይህ ነገር ምን ይሸታል?» አለችኝ።

እኔም የጎረቤት ቀለም ነው አልኋት፤ የአዲስ ቀለም ሽታ የመሰለ ጣፋጭነት ነበረውና። እርስዋ ግን አላመነችኝም። ቀርባ ሣጥኑን በእጅዋ ብትነካው ፈጥና መለሰችው። ወዲያው እንደ ድስት ክዳን የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ። እርስዋ ሕፃንዋን አንሥታ ስትወጣ፤ እኔ ሶኬቱን ነቅዬ ሣጥኑን በአካፋ እየገፋሁ ወደ ግቢ አወጣሁት። ደጃፉን እንዳለፍሁ ድንጋዮቹ አንዱ ሌላውን እያስነሡ ይተኮሱ ጀመር። የግቢው አጥር እስከ ዛሬ ጥቁር ነው። ልጃችን የተኛችበት ሶፋ ከሣጥኑ ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። እኔ ያን ዕለት ያደረግሁትን ማንም እንዳያደርግ እለምናለሁ፤ የሚያፏጭ ባትሪ የሚገፋ ሳይሆን የሚሸሽ ነገር ነው። ቤተሰብን ይዞ መውጣት፣ በሩን መዝጋት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይገባል። በኋላ ተቀምጬ ሒሳቡን ብሠራው የጎደለኝ 70 ዋት-ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ለ70 ዋት-ሰዓት ብዬ ቤቴን ላቃጥል ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሊቲየም ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ የወጣ፤ ለፈጠራውም ሦስት ሊቃውንት በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ድንቅ ሥራ ነው። በኪሎ ሲመዘን እንደ መኪና ባለው በእርሳስ ባትሪ ከሚገኘው ኃይል አራትና አምስት እጥፍ ይይዛል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ነዳጅ የሚቀጣጠል ነው። አንድ ድንጋይ ከልክ በላይ ቢሞላ ወይም ውስጡ ቢቆስል ይሞቃል፤ ሙቀቱም በውስጡ ያለውን ኬሚካል እያነሣሣ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ ከዚያም ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ዕድሜያቸው የተለያየ ድንጋዮች በአንድ ረድፍ ሲሞሉ ደካማው ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላና፤ ሌሎቹ እስኪደርሱ ድረስ ከልክ በላይ ይጋታል። የእኔም ጥፋት ይኸው ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ የሊቲየም ባትሪ ያስነሣው ቃጠሎ 268 ሲደርስ 18 ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ ቃጠሎዎች ብዙዎቹ የተነሡት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከያዙ ሰዎች ቤትና ከጥገና ሱቆች ነው። ከተማይቱም በዚያው ዓመት ከአሮጌ ባትሪ በወጣ ድንጋይ ሌላ ባትሪ መገጣጠምን በሕግ ከለከለች።

እንግዲህ ሶኬት የማያገኝ ወይም ባትሪው ያረጀበት ሰው ምን ያድርግ? ባትሪ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ከተሞላና ከተራገፈ በኋላ የሚይዘው ወደ አራት አምስተኛ ይወርዳል፤ 480 የነበረው 384 ይሆናል። ያን ጊዜ የሱሉልታው ሰው ዳገቱን ወጥቶ ከደጃፉ ሳይደርስ ሊቆም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ተጨማሪ ባትሪ ቅንጦት አይደለምና፤ እንዴት በሚገባ እንደሚሠራ በአጭሩ ልናገር።

አንደኛ፤ ድንጋዮቹ አዲስ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነትና ከአንድ ጊዜ ምርት ይሁኑ። 18650 የሚባለው፣ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው የተለመደ ነው። እያንዳንዱ 3.7 ቮልት ስለ ሆነ፤ 13ቱ በተከታታይ ሲያያዙ 48 ቮልት ያህል ይሆናሉ። እያንዳንዱ 2.6 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ከሆነም በየረድፉ አራት አራት ጎን ለጎን ቢደረጉ፤ በጠቅላላው 52 ድንጋይ 500 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ክብደታቸውም ከሁለት ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ይህን በሚያህል ድንጋይ ላይ 9.9 አምፔር-ሰዓት የሚል ጽሑፍ ብታዩ ሐሰት መሆኑን ዕወቁ።

ሁለተኛ፤ ድንጋይ በካውያ አይበየድም፤ የካውያው ሙቀት ውስጡን ያቆስለዋልና። በቅጽበት በኤሌክትሪክ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ቀጭን የኒኬል ጥብጣብ የሚለጥፍ መሣሪያ አለ፤ ሥራው የዚያ ነው። የድንጋዩ አዎንታዊ ጫፍ ዙሪያውን በአሉታዊው ቆርቆሮ የተከበበ ስለ ሆነ፤ በመካከላቸው የካርቶን ቀለበት መደረግ አለበት። ያ ቀለበት ቀርቶ ላስቲኩ ቢላጥ ሁለቱ ይነካካሉ፤ በኮብልስቶን ላይ የሚንቀጠቀጥ ብስክሌት ደግሞ ላስቲክ ለመላጥ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሦስተኛ፤ ቢ.ኤም.ኤስ. የተባለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ለሚቀጥለው ወር የሚቆይ ዕቃ አይደለም። እርሱ እንደ ዘበኛ ነው፤ እያንዳንዱን ረድፍ እየጠበቀ አንዱ 4.2 ቮልት ሲደርስ መሙላቱን፣ ከልክ በታች ሲወርድ ደግሞ ማውጣቱን ያቆማል። ከእርሱም ጋር ፊውዝ መግባት አለበት። ቻርጀሩም ለዚያው የተሠራ፤ ለ13 ረድፍ 54.6 ቮልት ላይ የሚያቆም ይሁን።

አራተኛ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ይህ ነው፤ አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን በሽቦ ማያያዝ አይገባም። የሞላው 54 ቮልት፣ የተራገፈው 44 ቮልት ቢሆን፤ በተገናኙበት ቅጽበት ከሞላው ወደ ባዶው ከሃምሳ አምፔር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ይህም ግድብ ሲደረመስ እንደ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው፤ አንደኛው ሲያልቅ መቆም፣ መንቀል፣ ሁለተኛውን መሰካት። ይህ በመንገድ ላይ ሁለት ደቂቃ ያስወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን የአባቶች አነጋገር አንርሳ።

አምስተኛ፤ ባትሪ በመኝታ ቤት፣ በደረጃ ሥር ወይም በመውጫ በር አጠገብ አይሞላም፤ ሰው ተኝቶም አይሞላም። በሱሉልታ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ደግሞ ከውጭ የገባ የቀዘቀዘ ባትሪ ወዲያው ከቻርጀር ላይ አይሰካ፤ ከበረዶ ነጥብ በታች ሳለ መሙላት ውስጡን ይጎዳዋልና እስኪሞቅ ይቈይ።

ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለመፈጸም መሣሪያው ወይም ችሎታው የሌለው ሰው ራሱ ባይሠራ ይሻለዋል። ሦስት አራት የሥራ ባልደረቦች ተሰብስበው መሣሪያው ላለው፣ ሥራውንም በቴስተር እየለካ ለሚያስረክብ ባለሙያ ቢያሠሩ፤ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀልላል፤ ኃላፊነቱም በሚያውቀው ሰው እጅ ይሆናል።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች። 480 ዋት-ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚስብ የሻይ ማፍያ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚፈጀው ነው። ከመዝገብ ቤትና ከደረጃ ርቆ፣ በግቢው ጥበቃ ዓይን ሥር፣ በመኪና ማቆሚያው ዳስ አንድ ግድግዳ ላይ ጥቂት ሶኬቶች ቢተከሉ፤ ከሦስቱ ከተሞች የሚመጣው ሠራተኛ በሰዓቱ ይደርሳል፤ በቤቱም አደገኛ ሣጥን ለመሥራት አይገደድም። እኔ ይህን ጥያቄ ለአለቃዬ በጽሑፍ ሳቀርብ አፍሬ ነበር። ፈቃዱ ግን በሳምንቱ መጣልኝ። አሁን ብስክሌቴ እኔ ስሠራ ትሞላለች፤ ማታም ልጄ ሳትተኛ እደርሳለሁ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ከመሥራት በፊት አስሉ፤ ካሰላችሁ በኋላም ጠይቁ።